ኢታሊክ መጠቀም የሚገባው የት ነው?

ጥያቄ፦
የጥናት ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ሳለ የመጻሕፍት ርእሶችን፣ የባዕድ ቃላትንና አጽንዖት ልሰጥባቸው የፈለግኋቸውን ሐሳቦች ሁሉ በኢታሊክ፣ ማለትም በተጋደለ ፊደል ጻፍኋቸው። ረቂቁን መልሼ ሳነበው ግን የገጹ ግማሽ ያህል አጋድሎ ስላገኘሁት፣ የትኛው ቃል በምን ምክንያት እንዳጋደለ መለየት እኔኑ ቸገረኝ። ልኩ ምን ያህል ነው?

መልስ 1፦
ኢታሊክ ሲፈጠር ለአጽንዖት አልነበረም። ፍራንቼስኮ ግሪፎ ለቬኒሱ አሳታሚ ለአልዶ ማኑዚዮ የቀረጸው ይህ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1501 የሮማዊው ባለቅኔ የቨርጂል ሥራዎች ከዳር እስከ ዳር የታተሙበት ሲሆን፣ ቃላትን ከሌላው ጽሑፍ የመለየት ተግባር የተሰጠው ኋላ ነው። ዛሬ ራሱን የቻለ ሥራ፣ ማለትም የመጽሐፍ፣ የጋዜጣ ወይም የፊልም ርእስ በኢታሊክ ይጻፋል፤ በመጽሐፉ ውስጥ ያለ አንድ ምዕራፍ ወይም ግጥም ግን ትዕምርተ ጥቅስ ይበቃዋል። እንደ ሆሞ ሳፒየንስ ያለ የላቲን ሳይንሳዊ ስም ሁለቱም ቃላት በኢታሊክ ይሆናሉ። የባዕድ ቃልን በተመለከተ፣ አንባቢው የለመደውን «ኮምፒዩተር»ን የመሰለ ቃል ማጋደል ትርፉ ዓይን ማድከም ነው።

መልስ 2፦
ከላይ በተሰጠው መልስ ብስማማም፣ በአማርኛ ለአጽንዖት ሲባል ኢታሊክ መጠቀም ብዙ ጊዜ አያስፈልግም ባይ ነኝ። «እኔ ነገርኩት» ብሎ «እኔ»ን ከማጋደል ይልቅ «የነገርኩት እኔ ነኝ» ቢባል፣ አጽንዖቱን ዐረፍተ ነገሩ ራሱ ይሸከመዋል፤ ጮክ ተብሎ ሲነበብም አይጠፋም። በዚያ ላይ አብዛኞቹ የግእዝ ፎንቶች የራሳቸው የኢታሊክ ቅርጽ ስለሌላቸው፣ የምናየው ሶፍትዌሩ ቀጥ ያለውን ፊደል ገፍቶ ያጋደለውን ነው። «ሱ» እና «ሲ» የሚለያዩት ቅጥያው ወገብ ላይ ወይም እግር ላይ በመሆኑ ብቻ ስለሆነ፣ ደቃቅ ጽሑፍ ሲያጋድል መምታታታቸው አይቀርም።

ጠያቂው፦
አመሰግናለሁ፤ ለአጽንዖት ያጋደልኋቸውን በሙሉ ወደ ቀጥታ ፊደል እመልሳለሁ። አንድ ነገር ግን ቀረኝ፤ በኢታሊክ በተጻፈ የመጽሐፍ ርእስ ውስጥ የሌላ መጽሐፍ ርእስ ቢገባ ምን ይደረጋል?

መልስ 1፦
የውስጠኛው ርእስ በቀጥታ ፊደል ይጻፋል። ዋናው ነገር ልዩነቱ መታየቱ እንጂ ፊደሉ ማጋደሉ አይደለም።