በመስኮቱ ጥግ ጥቁር ነገር እየወረደ ነው፤ ጥፋቱ የማሸጊያው ነው ወይስ የቴፑ?

ጠያቂ፦ ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ዓመት መስኮት ስቀይር በፍሬሙ ዙሪያ ራሱ የሚለጠፍ የውሃ መከላከያ ቴፕ ለጥፌ፣ ጠርዙን በነጭ ማሸጊያ ዘጋሁት። አሁን ፀሐይ በሚመታው በኩል ማሸጊያው ቡናማ ሆኗል፤ በጣት ሲነካ እንደ ማስቲካ ይሳባል። ከታችኛው ጥግ ጥቁር ዝልግልግ ነገር ግድግዳው ላይ አንድ ስንዝር ያህል ወርዷል። ሌላ ማሸጊያ ብደርብበት ይበቃል?

ባለመሰላሉ፦ ሙቀት ነው። ሬንጅ በፀሐይ ይለሰልሳል። ፍቀህ ደርብበት።

ዝናብ ጠሉ፦ አልስማማም። ሙቀት ያፋጥነዋል እንጂ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ማሸጊያ ያልነካው ቴፕም ይፈስ ነበር። ወንድሜ፣ እስቲ ያንን ቦታ ተመልከተው። ብዙ ማሸጊያዎች እንደተለጠጡ እንዲቆዩ ማለስለሻ ዘይት ይጨመርባቸዋል፤ አንዳንዶቹ በማሟሟያ የቀጠኑ ናቸው። ይህ ወደ ሬንጁ ሰርጎ ያላላዋል፤ የሬንጁ ዘይት ደግሞ በተራው ወደ ማሸጊያው ዘልቆ ቀለሙን ያበላሻል። የቴፑ ሙጫ ሬንጅ ነው፣ ቡታይል (ሰው ሠራሽ ጎማ) ወይስ አክሪሊክ (የፕላስቲክ ዓይነት)?

ጠያቂ፦ ትርፍራፊውን ሳሸተው አዲስ የተነጠፈ አስፋልት ይሸታል። ማሸጊያው ፖሊዩሬቴን ነው፤ ጀርባው ላይ ማሟሟያ እንዳለው ተጽፏል። ያልተቀባው ቦታ ግን ደህና ነው።

ዝናብ ጠሉ፦ እንግዲያው ቴፑና ማሸጊያው አልተስማሙም። ፖሊዩሬቴን ሁሉ እንዲህ አያደርግም፤ ይዘቱ ነው የሚለየው። መደረብ ዋጋ የለውም፤ የላላው ቴፕ ከነማሸጊያው ተቆርጦ ይውጣ። አዲሱን ስትለጥፍ የላይኛው በታችኛው ላይ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ይደረብ። አክሪሊክ ሙጫ ያለው ብዙ ጊዜ ቻይ ነው፤ ቡታይል ከሬንጅ ይሻላል እንጂ ማሟሟያ እሱንም ይጎዳዋል።

የድሮ አናጺ፦ ጥቁሩን በቤንዚን ለማጽዳት እንዳትሞክር። እኔ አንድ ጊዜ ሞክሬ ደህና የነበረውንም ቴፕ አቀለጥኩት፤ ግድግዳው ላይ የቀረው ጥላሸት እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። በስለት ቁረጠው።

ባለመሰላሉ፦ ተቀበልኩ፤ ያልተቀባውን ቦታ አላሰብኩትም። ሲሊኮንስ?

ዝናብ ጠሉ፦ ሲደርቅ ኮምጣጤ የሚሸተውን ተወው፤ የሚለቀው አሲድ አንዳንድ ብረቶችን ይበላል። ሽታ የሌለው ይሻላል፣ ግን የቴፑ ፊት ፖሊኢቲሊን (የፌስታል ዓይነት ፕላስቲክ) ከሆነ ብዙው ሲሊኮን በደንብ አይዝም፤ ደርቆ እንደ ልጣጭ ይነሳል። አምራቹ በኤ.ኤ.ኤም.ኤ 713 (የአሜሪካ የመስኮትና የበር አምራቾች ማኅበር ባወጣው የፈተና ዘዴ) የተፈተነ ጥምረት እንዳለው ጠይቅ፤ ፈተናው ማሸጊያና እንዲህ ያለ ቴፕ በኬሚካል መስማማታቸውን ለማየት የወጣ ነው።

የድሮ አናጺ፦ መልሱ እስኪመጣ ትርፍራፊ ቴፕ ሳንቃ ላይ ለጥፈህ ግማሹን በአዲሱ ማሸጊያ ቀባና ፀሐይ ላይ ሁለት ሳምንት አቆየው። ከዚያ ጠርዙን በጥፍርህ ጫን። ከለሰለሰ ወይም ቀለም ከለወጠ አትጠቀምበት። ካልለወጠም ዋስትና አይደለም፤ አንዳንዱ ወራት ይወስዳል።

ጠያቂ፦ ነገ እቆርጠዋለሁ። የታችኛውንም ጠርዝ ልዝጋው?

ዝናብ ጠሉ፦ አይሆንም! የገባው ውሃ መውጫው እሱ ነው።