ከአብዬ ለተመለሱት ልጆቻችን ክብር ይገባል ወይስ «ዶላሩ ይበቃቸዋል»?

የዕድሩ ጸሐፊ (ደብረ ብርሃን)፦ ሱዳንና ደቡብ ሱዳን በሚወዛገቡበት በአብዬ ግዛት ሰላም አስከባሪ የነበሩ የሰፈራችንን ልጆች ሰብስበን እናመስግን የሚል ሐሳብ ቀርቧል። «የሄዱት ለዶላር ነው» ብለው የሚቃወሙም አሉ። እንነጋገርበት።

የጠባሴው፦ እኔ አንዱ ተቃዋሚ ነኝ። ባድመ የዘመተው ጎረቤቴ ዛሬም በምርኩዝ ነው የሚሄደው። ደጁን ማን ረገጠ? ከአብዬ የመጣው ቢያንስ ቤት ሠርቷል። ገንዘብ ካለ ለዚያ ሰው ይሁን።

መምህሩ፦ ጋሼ፣ ስለ ጎረቤትዎ ያሉት እውነት ነው። ዶላሩን በተመለከተ ግን የተባበሩት መንግሥታት ዋናውን ክፍያ የሚከፍለው ለመንግሥት እንጂ ለወታደሩ በእጁ አይደለም። ደግሞስ ደመወዝ የበላ ሁሉ ክብር የለውም ካልን እኔንም፣ ሐኪሙንም ማንም አያመሰግነን። ሐምሌ 26 ቀን 2003 ዓ.ም. እዚያው አብዬ፣ ማቦክ በሚባል ቦታ የሆነውን ያስታውሱ። ጦሩ ከገባ ገና ሁለት ወር አልሞላውም። ፈንጂ የልጆቻችንን መኪና መታ፤ አንዱ ወዲያው ሞተ። ሦስቱ ቁስለኞች የሚያነሳቸው ሄሊኮፕተር ሲጠበቅ አረፉ። ድርጅቱ ራሱ እንደተናገረው የሱዳን መንግሥት የበረራ ፈቃድ ከልክሎ ነበር። ለዚያች ሰዓት የሚመጥን ስንት ዶላር ነው?

ከመሐል ሜዳ፦ ወንድሜ እዚያ አገልግሏል። የመንዝ ብርድ ያሳደገው ልጅ ነው፤ ወባን በስም ብቻ ነበር የሚያውቃት። ክረምት ሲገባ ዋልካው መኪና አላሳልፍ ይላል፤ መንገዱ ከተዘጋ ስንቅም መድኃኒትም በአየር ካልመጣ የለም። ሲደውል «ደህና ነኝ» ይላል፤ እናቴ ግን ከድምፁ ትኩሳቱን ታውቅ ነበር። ስልኩን ዘግታ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ታለቅሳለች። ቤት ሠራ የምትሉት እውነት ነው፤ አንድ ክፍል፣ ለእሷ።

የጠባሴው፦ እህቴ፣ እግዜር እናትሽን ያጽናናልኝ። የማቦኩን አላውቅም ነበር፤ ለእነዚያ ልጆች ከመቀመጫዬ እነሳለሁ። የጎረቤቴን ነገር ግን አልተውም። ያ ሰው ዳስ ውስጥ ከኋላ ተቀምጦ ለሌላው የሚያጨበጭብ ከሆነ እኔ አልገኝም። ክብሩ ለዘመተ ሁሉ ይሁን፤ የባድመው፣ የአብዬው ሳይባል።

መምህሩ፦ በዚህ እስማማለሁ። ለጎረቤትዎ መጓጓዣውን እኔ እችላለሁ።

የዕድሩ ጸሐፊ፦ እንግዲያው ባድመ የዘመቱትንም ስም አምጡልኝ። ታመው ከቤት የማይወጡትንም ጨምሩ፤ እነሱ ዘንድ እኛው እንሄዳለን።