በርሙዳ ሳርና ጄኔቲክ ማፒንግ፣ የሚያውቅ ካለ

ናቲ_ሜሪላንድ
ሰላም ቤተሰብ፣ ግቢዬ ላይ ያለው ሳር በርሙዳ ነው፣ የኛው ሰርዶ ማለት ነው መሰለኝ። ሰመር ላይ ምንጣፍ ነው የሚመስለው፣ ዊንተር ሲገባ ቡኒ ይሆናል እሱስ ያለ ነው፣ ግን ሚያዝያ ላይ ሌላው ሲያቆጠቁጥ የእንጀራ ምጣድ የሚያካክሉ ክብ ክብ ቦታዎች ሞተው ይቀራሉ፣ ይኸው ሦስተኛ ዓመቱ እዛው ቦታ ላይ እየሰፋ ነው። ሳር የሚሸጥልኝ ሰውዬ "አዲሶቹ በጄኔቲክ ማፕ የወጡ ናቸው፣ ብርድ ይችላሉ፣ ቀይረው" አለኝ። ጂኤምኦ (ጂኑ በላብራቶሪ የተቀየረ) ነው እንዴ? ልጆቼ በባዶ እግራቸው የሚሮጡበት ስለሆነ ነው የምጠይቀው።

የዘር_ሰው
ናቲ ወንድሜ ጂኤምኦ አይደለም፣ እሱ ሌላ ነገር ነው። ማፒንግ ማለት ሁለት ወላጅ ሳሮች ይዳቀሉና መቶም ሁለት መቶም ልጆች ይወለዳሉ፣ ከእያንዳንዱ ትንሽ ቅጠል ተቆርጦ ዲኤንኤው ይታያል፣ ዲኤንኤው ላይ ካሉት ምልክቶች ሁሌ አብረው የሚወረሱት ክሮሞዞሙ (ዲኤንኤው የተጠቀለለበት ክር) ላይ ጎረቤት ናቸው፣ የሚለያዩት ይራራቃሉ፣ ካርታው የሚሠራው በዚህ ነው። ከዛ እነዚሁ ልጆች ማቀዝቀዣ ውስጥ ይገቡና የተረፉት የትኛውን ምልክት እንደሚጋሩ ይታያል። ጥቅሙ ምንድነው፣ በሚቀጥለው ዙር ችግኙ ገና በኩባያ እያለ የጥፍር ታህል ቅጠል አይተህ ደካማውን ትጥላለህ፣ ሦስት ዊንተር አትጠብቅም። ግን ብርድ መቻል በአንድ ጂን የሚያልቅ ነገር አይደለም፣ ብዙ ናቸው፣ እያንዳንዳቸው ትንሽ ትንሽ ነው የሚያግዙት፣ ስለዚህ ማፑ ብቻውን ዝርያ አያወጣም።

ህይወት_ዳላስ
ታድያ ለምንድነው ጥሩ ጥሩው በዘር የማይሸጠው? እኔ ሁሌ ተጠቅልሎ የሚመጣውን ነው የምገዛው፣ ውድ ነው።

የዘር_ሰው
ህይወት እህቴ ጥሩ ጥሩው እንደ በቅሎ መካን ድቅል ስለሆነ ነው። ሰርዶ 36 ክሮሞዞም አለው፣ የደቡብ አፍሪካው ቀጭን ቅጠል ዘመዱ 18፣ የሁለቱ ልጅ 27 ይሆናል፣ 27 ደግሞ እኩል ለሁለት አይከፈልም፣ ስለዚህ ዘር የለውም። እ.ኤ.አ. በ1960 የሳር አዳቃዩ ግሌን በርተን ቲፍተን ጆርጂያ ያወጣው ቲፍዌይ የሚባል ዝርያ እንደዚህ ነው፣ ዛሬ ስንት ሜዳ ላይ ያለው ሁሉ የአንድ ተክል ቁራጭ ነው። ማፒንጉም የሚጠቅመው ወላጆቹን ለመምረጥ ነው፣ ከበቅሎ ልጅ አይገኝማ።

አባ_ገበሬ
እኔ ጎጃም ሳድግ አባቴ ሰርዶን ከማሳ እየነቀለ ድንጋይ ላይ ነበር የሚያሰጣው፣ አንድ አንጓ አፈር ውስጥ ከቀረ መልሶ ይወርሰዋልና። ኳስ ሜዳ ላይ የሚወደድበትም ይሄው ነው፣ የተረገጠው ከስር ይተካል። ናቲ ያንተ ችግር ግን እዚህ ስፕሪንግ ዴድ ስፖት የሚሉት ነው፣ ሥሩን የሚበላ ፈንገስ ነው፣ መኸር ላይ ያዳክመውና ብርዱ ይጨርሰዋል። መስከረም ካለፈ በኋላ ናይትሮጅን ያለው ማዳበሪያ አትስጠው፣ የፈንገስ መድኃኒትም የሚረጨው ያኔ መኸር ላይ ነው፣ ሚያዝያ ላይ ክቡን አይተህ ብትረጭ ገንዘብህን ነው የምትደፋው። ደግሞ አሁን ገበያ ላይ ያሉት ብርድ ቻዮች፣ ኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ያወጣቸው እነ ላቲትዩድ 36 እና ታሆማ 31፣ ዋናው ነገራቸው ማዳቀልና ዓመታት ሜዳ ላይ መፈተሽ ነው፣ ሰውዬው ማፕ ማፕ ስላለ ብቻ እንዳትገዛው። አገር አቀፉ የሳር ፍተሻ ፕሮግራም ዋና ቢሮው እዛው ሜሪላንድ ቤልትስቪል ነው፣ ውጤቱን በነጻ ኢንተርኔት ላይ ያወጡታል፣ ካንተ አካባቢ የተሞከረውን ፈልገህ እይ።

ናቲ_ሜሪላንድ
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ እኔ እኮ በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ማዳበሪያ ስበትንበት ነበር። ዘንድሮ አቆማለሁ፣ ግንቦት ላይ ክቦቹን ለክቼ እዚሁ እጽፋለሁ።