የመጨረሻው መንፈቀ ዓመት በግቢ ወይስ በሥራ ልምምድ? ክርክር

አወያይ፦ የዛሬው ጥያቄ ይህ ነው። የዩኒቨርሲቲ የመጨረሻው መንፈቀ ዓመት ሙሉ በሙሉ ከግቢ ውጭ፣ በሥራ ልምምድ እንዲያልፍ ይደረግ? ደጋፊዎቹ ተማሪው ሳይመረቅ የሥራውን ዓለም ይወቀው ይላሉ። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ ለዓመታት አብረው የኖሩ ልጆች ተበታትነው ቆይተው ለምርቃት ቀን ብቻ መገናኘታቸው አይዋጥላቸውም። ስም አያስፈልግም፤ ከየትኛው ወገን እንደምትጽፉ ብቻ ጠቁሙ።

የመጨረሻ ዓመት ተማሪ፦ እቃወማለሁ። ለመመረቅ ሦስት ወር ቀርቶኛል። አራት ሆነን በአንድ ክፍል ኖረናል። አንዷ ሌሊት ድምፅ እያሰማች ካላጠናች አይገባትም፣ ሌላዋ መብራት ካልጠፋ አይወስዳትም። በመጀመሪያው ዓመት በዚህ ምክንያት ሁለት ሳምንት ተኮራርፈን ነበር። አሁን የእያንዳንዳቸውን እርምጃ ከኮሪደሩ ሰምቼ ፈተናው እንዴት እንደነበረ አውቃለሁ። መጨረስ አልፈልግም ማለቴ አይደለም። የመመረቂያ ጽሑፌ አንድ ምዕራፍ ባለቀ ቁጥር ደስ ይለኛል፤ ከአልጋው ሥር ሻንጣዬን ሳይ ግን ሆዴ ይባባል። ሁለቱም በአንድ ቀን ይመጣሉ። ይህ ጊዜ ባይኖረኝ ኖሮ ከጓደኞቼ ጋር ሳልሰነባበት የተለያየሁት በሰባተኛው መንፈቅ፣ በአንድ ተራ የፈተና ሳምንት ማብቂያ ላይ ይሆን ነበር።

የሁለት ልጆች አባት፦ ልጄ፣ የምትዪው ይገባኛል። ነገር ግን የቤቱንም ወገን ስሚኝ። ታላቁ ልጄ በጥሩ ውጤት ተመርቆ አሥራ አራት ወር ቤት ተቀመጠ። ለቃለ መጠይቅ በሄደበት ሁሉ የሚቀርብለት ጥያቄ አንድ ነበር፦ የሥራ ልምድ አለህ ወይ? ጓደኞቹ ይወዱታል፣ ማታ ማታ ይደውሉለታል፤ አንዳቸውም ግን ሥራ አልነበራቸውምና ምን ሊያደርጉለት ይችላሉ? ከእናቱ ጋር ዓይን ለዓይን እንዳይተያይ ምሳ ሰዓት ላይ ከቤት መውጣት ጀምሮ ነበር። ያን ያየ አባት ስለ ስንብት ሲወራ ጆሮው አይከፈትም። ታናሹን ያስገባሁት የመጨረሻው መንፈቅ በልምምድ ወደሚያልፍበት ተቋም ነው፤ ሳይመረቅ ቦታ ተሰጠው።

የቅጥር ባለሙያ፦ እርስዎ ያሉት የአንድ ቤት ታሪክ ብቻ አይደለም። የማኅበረሰብ ጥናት ሊቁ ማርክ ግራኖቬተር እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጥናት፣ በሰው በኩል ሥራ ያገኙ ሰዎች ወሬውን የነገራቸውን ሰው ምን ያህል ጊዜ ያገኙት እንደነበር ጠይቋል። አዘውትረው ያገኙት የነበረ ከ100 ወደ 17 ብቻ ነበሩ። አብዛኞቹ አልፎ አልፎ ወይም ከስንት አንዴ ከሚያገኙት ሰው ነው የሰሙት። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የቅርብ ጓደኛ የሚያውቀው እኛ የምናውቀውን ነው። ልምምድ የወጣ ተማሪ ከጓደኞቹ ክበብ ውጭ ያሉ ሰዎችን ያገኛል። እኔም ማመልከቻ ስመለከት መጀመሪያ የማየው ይህን ነው፤ አልደብቅም።

ከተመረቀ 11 ዓመት የሆነው፦ እኔ በመሐል ቆሜያለሁ፤ መሐል መቆም ግን ምቾት አይሰጥም። ስድስት ሆነን አንለያይም ብለን ነበር የተመረቅነው። ዛሬ የምንደዋወለው ሁለት ነን። ጠብ አልነበረም፣ ቅሬታ አልነበረም። ኮሪደሩ ጠፋ፣ በቃ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሊዮን ፌስቲንገርና ባልደረቦቹ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የተማሪ ቤተሰቦች መኖሪያ ላይ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1950 ያሳተሙት ሥራ ይህንኑ ያሳያል። በአንድ ፎቅ ላይ ጎን ለጎን ከሚኖሩት ከ100 41ዱ የቅርብ ወዳጅ ተባብለዋል፤ በኮሪደሩ ሁለት ጫፍ ከሚኖሩት ግን 10ሩ ብቻ። ልዩነቱን የፈጠሩት ጥቂት በሮች ናቸው። ይህን ሳነብ በመጀመሪያ ተናደድሁ። ያ ሁሉ ፍቅር የበር ቁጥር ነበር ማለት ነው? በኋላ ግን ሌላ ነገር ታየኝ። ጓደኝነታችን በመቀራረብ የቆመ ከሆነ፣ መቀራረቡ ሲያበቃ አውቀን በሌላ ነገር ልናስረው ይገባ ነበር። እኛ የመጨረሻውን ሳምንት ያሳለፍነው የመልቀቂያ ቅጽ ለማስፈረም ከቢሮ ቢሮ ስንሮጥ ነው። አንደኛው ጓደኛዬ አውቶቡስ ሲሳፈር እኔ የቤተ መጻሕፍት ሰልፍ ላይ ነበርሁ። በእጁ ሰላም ብሎኝ ሄደ። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።

የሁለት ልጆች አባት፦ ወንድሜ፣ ታሪክህ ያሳዝናል፤ ነገር ግን ለእኔ አይመሰክርም? መንፈቁን ሙሉ አብራችሁ ነበራችሁ፣ ቢሆንም ተበታተናችሁ። ታዲያ ያ ጊዜ ምን ሠራ?

ከተመረቀ 11 ዓመት የሆነው፦ ጊዜው ከመበተን ያድናል አላልሁም። ሰው ሳይሰናበት እንዳይበተን ነው የምለው።

የሥነ ልቦና መምህርት፦ ስለ ተማሪዋ ሁለት ስሜት አንድ ነገር ልበል፣ ብዙዎች እንደ ድክመት ያዩታልና። ደስታና ኀዘን በአንድ ጊዜ ሊሰሙ ይችላሉ ወይ የሚለው በሙያችን ለረጅም ጊዜ አከራክሯል። ጄፍ ላርሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጡት ጥናት ተማሪዎችን የጠየቁት የማደሪያ ክፍላቸውን በሚለቁበትና በሚመረቁበት ቀን ነው። ከተራ ቀን ይልቅ በእነዚህ ቀናት ሁለቱንም በአንድነት የተሰማቸው በርክተው ተገኝተዋል። ስለዚህ ልጄ፣ ግራ አልተጋባሽም። ጄይሚ ከርትዝ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2008 ስድስት ሳምንት ገደማ የቀራቸውን ተመራቂዎች ስለ ግቢ ሕይወታቸው እንዲጽፉ አደረገች። ለአንዳንዶቹ የቀረው ጊዜ አጭር እንደሆነ፣ ለሌሎቹ ገና ረጅም እንደሆነ ተነገራቸው። ቀኑ ግን ለሁሉም እኩል ነበር። በሁለት ሳምንት ውስጥ ደስታቸው የጨመረውና ከሰው ጋር ይበልጥ የተቀላቀሉት ማብቂያው ቅርብ ነው የተባሉት ናቸው። መጨረሻውን ማወቅ ራሱ ሰውን ያቀራርባል። ተማሪውን ከግቢ ብናስወጣው ይህን እንነጥቀዋለን።

ስም ያልጠቀሰ ምሩቅ፦ እስካሁን የተናገራችሁት ሁሉ ጓደኛ እንደነበረው ሰው ነው። እኔ አልነበረኝም። ከግቢ ውጭ ተከራይቼ እኖር ነበር፣ ማታ እሠራ ነበር። የመጀመሪያው ወር ሲያልፍ ሁሉም ከሁሉም ጋር ተጣምሮ አገኘሁት። የቡድን ሥራ ሲሰጥ መምህሩ “ማን የቀረ አለ?” ይሉ ነበር፤ የቀረሁት እኔ ነኝ። በካፌው ውስጥ ብቻዬን መቀመጤ እንዳይታይ ማንም ሳይደውልልኝ ስልኬን ጆሮዬ ላይ አድርጌ የማወራ የምመስልበት ጊዜ ነበር። የምርቃት ዕለት ፎቶ የተነሣሁት ከቤተሰቤ ጋር ብቻ ነው። ወንድሜ “ጓደኞችህስ?” ብሎ ሲጠይቀኝ ቀድመው ሄዱ አልሁት። ደስታና ኀዘን አልተቀላቀለብኝም፤ ያገኘሁት ዕረፍት ብቻ ነበር። ልምምድ የወጣሁበት ወር ግን፣ የሥራ ባልደረቦቼ በሦስተኛው ቀን በስሜ ጠሩኝ። ስለዚህ መንፈቁ በልምምድ ይለፍ ባይ ነኝ። ለእኔ ዓይነቱ ሰው በሩ እዚያ ነው የሚከፈተው።

የመጨረሻ ዓመት ተማሪ፦ ወንድሜ፣ ጽሑፍህን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። በክፍላችን ሁልጊዜ በሩ አጠገብ የሚቀመጥ አንድ ልጅ አለ። ትምህርት ሲያልቅ ከሁላችንም ቀድሞ ይወጣል። ሰው የማይወድ ይመስለን ነበር። ለአራት ዓመት አንድም ቀን ወዴት እንደሚቸኩል አልጠየቅሁትም፤ ይህንን ለመናገር አፍራለሁ። አቋሜ ግን አልተቀየረም፤ እንዲያውም ጠንክሯል። ጄፍሪ ሆል የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ጥናት የቅርብ ጓደኛ ለመሆን ከ200 ሰዓት በላይ አብሮ ማሳለፍ ይጠይቃል ብሏል፤ በሥራ ላይ አብሮ የሚያልፈው ሰዓት ደግሞ ያን ያህል አያቀራርብም። አንተ ያን ሰዓት ማታ ስትሠራ አጣኸው። መፍትሔው የቀረውን መንፈቅ ከሁሉም መውሰድ ነው?

ስም ያልጠቀሰ ምሩቅ፦ ከሁሉም ይወሰድ አላልሁም። ጊዜው ብቻውን አይበቃም ነው ያልሁት። ለስምንት መንፈቅ ጊዜ ነበር። ያን ልጅ ወዴት እንደሚሄድ ጠይቂው። ምናልባት ወደ ሥራ ይሆናል።

የመጨረሻ ዓመት ተማሪ፦ ነገ ጠዋት ክፍል አለን። እጠይቀዋለሁ።

የቅጥር ባለሙያ፦ በእኛ በኩል የሚያስቸግር አይመስለኝም የምለው አንድ ነገር አለ። መንፈቁ በልምምድ ይሁን፤ የመጨረሻዎቹ ሦስት ሳምንታት ግን ተማሪዎቹ ወደ ግቢ ይመለሱ። የመመረቂያ ጽሑፋቸውን እዚያው ያቅርቡ፣ የመልቀቂያ ቅጹም ቀደም ብሎ ይለቅላቸው፣ ጊዜያቸው ሰልፍ ላይ እንዳያልቅባቸው። ቀጣሪ ለሦስት ሳምንት ሲል ሰልጣኝ አይመልስም፤ እኔ አልመልስም።

የሁለት ልጆች አባት፦ ማደሪያቸውስ? ልጆቹ ሲወጡ አልጋው ለሌላ ተሰጥቷል። ከሩቅ የሚመጣው የት ያድራል፣ መጓጓዣውንስ ማን ይችለዋል? ወጪው ወደ ወላጅ ካልመጣ እስማማለሁ። ከመጣ ግን የሚመለሱት አቅም ያላቸው ብቻ ይሆናሉ፣ ያ ልጅም እንደገና ከውጭ ይቀራል።

የሥነ ልቦና መምህርት፦ እርስዎ ልክ ነዎት፤ ይህ ካልተመለሰ የቀረው ሐሳብ አይቆምም። በሚመጣው ሳምንት የትምህርት ክፍላችን ስብሰባ አለው። የአልጋውን ጉዳይ አጀንዳ አስይዘዋለሁ፣ የተባለውንም እዚሁ እጽፋለሁ።