የግል ዊኪዬን ሰው እንዲያነበው ብቻ አድርጌ እንዴት ኢንተርኔት ላይ ላውጣው?

ጣና ዳር (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር አስጎብኚ ነኝ። ስለ ጣና ገዳማት ያየሁትንና የሰማሁትን ሦስት ዓመት ሙሉ ቲድሊዊኪ (ገጽ ከገጽ እያያያዙ ማስታወሻ የሚጽፉበት ፕሮግራም፣ ዊኪ የሚሉት) ላይ ስጽፍ ቆየሁ። ኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ ናርጋ ሥላሴ፣ ክብራን ገብርኤል፣ ዳጋ እስጢፋኖስ፤ ሁሉም የየራሱ ገጽ አለው። (ክብራንና ዳጋ ሴት አይገባባቸውም። የእነሱን ገጽ የሞላሁት ወንዶቹን ባልደረቦቼን እየጨቀጨቅሁ ነው።) አሁን እንግዶቼ «ላኪልን» እያሉ አስቸገሩኝ። ሰው እንዲያነበው እንጂ እንዲነካካው አልፈልግም። ገንዘብም ባላወጣ ደስ ይለኛል። ፋይሉ 38 ሜጋባይት ነው፣ 60 ገደማ ፎቶ አለበት። ምን ላድርግ?

አባይ ማዶ
ቀላል ነው። ቲድሊዊኪ እኮ ከነሙሉ ጓዙ አንድ የኤችቲኤምኤል ፋይል ነው። ስሙን «ኢንዴክስ» ብለሽ ቀይሪው፣ በላቲን ትንንሽ ፊደላት። ጊትሀብ (ፋይል የሚቀመጥበት ድረ ገጽ) ላይ ነፃ አካውንት ክፈቺ፣ ለሁሉም ክፍት የሆነ ሪፖዚተሪ (የፋይል ማኅደር) ፍጠሪና ፋይሉን ጫኚ። ከዚያ ሴቲንግስ፣ ፔጅስ፣ ሜይን የሚለውን መርጠሽ ሴቭ። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ሊንኩን ይሰጥሻል። ግን 38 ሜጋ በብሮውዘር አይገባልሽም፤ በዚያ መንገድ የአንድ ፋይል ጣሪያ 25 ሜጋባይት ነው።

ጣና ዳር
እንዳይነካካ ያልኩትስ? ስከፍተው የማረሚያዋ እርሳስ ትታያለች።

አባይ ማዶ
ትታይ። እንግዳሽ ቢያርም የሚያርመው የራሱ ስልክ ላይ የተከፈተውን ብቻ ነው። ገጹን ሪፍሬሽ ሲያደርገው ያንቺው ይመለሳል። ዓይንሽን ከረበሸሽ ኮንትሮል ፓነል፣ አፒራንስ፣ ቱልባርስ ገብተሽ ደብቂያት። መጋረጃ ነው እንጂ ቁልፍ አይደለም።

ቀረሶ ጥብስ
ለምን ዶኩዊኪ የሚባለውን ሌላ የዊኪ ፕሮግራም አትሞክሪም? ማን ያንብብ፣ ማን ይጻፍ የሚለውን በደንብ ይለያል።

አባይ ማዶ
ፒኤችፒ (የፕሮግራም ቋንቋ ነው) ያለው ሰርቨር ይፈልጋላ። ለአንድ እንግዳ በሬ ማረድ ነው።

የድሮ መዝገብ
እህቴ፣ ከመጫንሽ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የጀልባ ነጂዎቹ ስልክ ቁጥር እዚያ ውስጥ የለም?

ጣና ዳር
ኧረ አለ! ዋጋቸውም፣ ማን ጠዋት እንደሚያረፍድም ጭምር።

የድሮ መዝገብ
በይ እንግዲያው አትጫኚው። ያ አንድ ፋይል ሁሉንም ይዞ ነው የሚወጣው። ገጹን ከማውጫው ብታነሺው እንኳ ፍለጋ ላይ ስም የጻፈ ሰው ያገኘዋል። እኔ የዘመዶቼን አድራሻ እንዲህ ለቅቄው ነበር። ቶሎ አጠፋሁት ብዬ ተኛሁ፤ ለካ ጊትሀብ የድሮውን ቅጂም ያስቀምጣል። ሪፖዚተሪውን ከነአካቴው ሰርዤ እንደገና ጀመርኩ።

እንዲህ አድርጊ። መውጣት ያለባቸውን ገጾችና ፎቶዎች «ይፋ» የሚል ታግ (መለያ) ስጫቸው። አድቫንስድ ሰርች ውስጥ ፊልተር ላይ በዚያ ታግ አጣሪና በጄሶን (የዳታ ፋይል ዓይነት ነው) ኤክስፖርት አድርጊ። ባዶ ቲድሊዊኪ ላይ ጎትተሽ ጣዪው፣ ኢምፖርት በይ፣ ሴቭ አድርጊ። የምትጭኚው እሱን ነው። «ምስጢር» የሚል ታግ ሰጥቶ የቀረውን ማውጣትም ይቻላል፤ እኔ ግን አልወደውም። መቼም ሰው ይረሳል። «ይፋ»ን ብትረሺ ገጹ ቤት ይቀራል፣ «ምስጢር»ን ብትረሺ ግን አደባባይ ይወጣል።

ደንገል
ስለ ፎቶዎቹ ልጨምር። ዊኪው ውስጥ ሲገቡ ወደ ጽሑፍ ስለሚቀየሩ ክብደታቸው በሲሶ ገደማ ይጨምራል። ብዙ ሰው ሌላ ፎልደር ውስጥ አስቀምጦ በአድራሻቸው ይጠራቸዋል። ላንቺ አልመክርም። ወደ ደቅ ስሻገር መሀል ሐይቁ ላይ ስንት ጊዜ ኔትወርክ ጠፍቶብኛል! ወደ 1000 ፒክስል ስፋት አሳንሺያቸውና እዚያው ውስጡ ይቆዩ። ያኔ ፋይሉን በቴሌግራምም ትልኪዋለሽ፣ ያለ ኢንተርኔት ይከፈታል።

ጣና ዳር (ከሦስት ቀን በኋላ)
ወጣልኝ! 9 ሜጋባይት ሆነ። ፎቶዎቹን መጀመሪያ ታግ ሰጥቼ ኋላ ላይ ያሳነስኩትን በዚያው ስም ሳስገባ ታጉ ሁሉ ጠፋ፤ ስልሳውንም እንደገና። እናንተ አሳንሳችሁ ጨርሱና ከዚያ ታግ ስጡ።

ዛሬ ወደ ዘጌ የወሰድኳቸው እንግዶች ጀልባው ሳይነሳ ከፈቱት። ነጂያችን ግን ተቀየመኝ። «የሁሉንም ስም ጽፈሽ የእኔን ስልክ የት አደረግሽው? እንጀራዬ እኮ ነው» አለኝ። በሉ ለእሱም ገጽ «ይፋ» ሰጠሁት። የማርፈዱን ነገር ሰርዤ።