ባለቤቴ የደበቀውን ክሪፕቶ ፍርድ ቤት ፊት እንዴት ላውጣው?

እባካችሁ፣ በዚህ ያለፈ ወይም ሙያው ያለው ሰው ይርዳኝ። ከባለቤቴ ጋር በፍቺ ላይ ነን። የጋራ ንብረት ሲዘረዘር ክሪፕቶ (እንደ ቢትኮይን ያለ ዲጂታል ገንዘብ) የሚባል ነገር የለኝም ብሎ ፈረመ። እኔ ግን አላመንኩትም።

የጋራ ሒሳባችንን የባንክ መግለጫ ሳገላብጥ ወደ አንድ የክሪፕቶ መገበያያ በየጊዜው የወጣ ገንዘብ አገኘሁ። አንዱም ተመልሶ አልገባም። መሳቢያ ውስጥ ደግሞ ፍላሽ የምትመስል ትንሽ መሣሪያ አለች። ከሥሯ በእጁ የጻፈው ወረቀት አለ፤ ከ1 እስከ 24 ቁጥር የተሰጣቸው፣ እርስ በርስ የማይገናኙ የእንግሊዝኛ ቃላት። የዋሌት (የክሪፕቶ ማስቀመጫ) መክፈቻ መሆናቸው በኋላ ነው የገባኝ። አልነካሁትም። ያለፈቃዱ ከፍቼ ራሴ ተከሳሽ መሆን አልፈልግም።

የቢትኮይን ዝውውር ሁሉ በይፋ መዝገብ ላይ እንደሚታይ አውቃለሁ። ችግሩ ገንዘቡ የሚላክበት የዋሌት አድራሻ ላይ ስም የለም። ስሙን ከአድራሻው ጋር ሊያገናኝልኝ የሚችለው መታወቂያውን የተቀበለው መገበያያ ነው። ጠበቃዬ ጎበዝ ናት፣ ለክሪፕቶ ግን አዲስ ናት።

ለመገበያያው በሚጻፈው የፍርድ ቤት ትእዛዝ ላይ ምን ምን እናስጠይቅ? የግብይት ታሪኩና ገንዘቡ የወጣባቸው አድራሻዎች ይበቃሉ? ዝውውሩን ከሕዝብ ወደሚሰውረው ሞኔሮ ወደሚባል ክሪፕቶ ቀይሮት ከሆነስ ዱካው እዚያው ጠፋ ማለት ነው? ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ ግን ክርክሩ ሳያልቅ እንዳያሸሸው ነው። እንዴት ላሳግደው? ገንዘቡ የልጆቼም ነው። የምታውቁትን ሁሉ ጻፉልኝ።