ለሞተር ብዬ ከእህቴ ልበደር?

እስቲ ምከሩኝ፤ ጭንቅ ይዞኛል። ለዓመታት የተመኘሁት ሞተር ሳይክል ለሽያጭ ወጥቷል። ሆንዳ ሲቢ 500 ኤክስ ነው፤ 471 ሲሲ፣ ሁለት ሲሊንደር። ሄጄ አየሁት። ሲነሳ ድምፁ ደረቴ ውስጥ ገባ። የቀኝ መያዣው ላስቲክ ትንሽ ተልጧል፤ ሌላው ደህና ነው።

ያለኝ ገንዘብ ግማሹን ብቻ ይሸፍናል። ታላቅ እህቴ «ቀሪውን እኔ ልስጥህ፤ ሲመችህ ትመልሳለህ» አለችኝ። እኔን ያስፈራኝ ይቺው «ሲመችህ» የምትለው ቃል ናት። ቀን ካልተቆረጠለት ብናኮራረፍስ? ገንዘቡን ለቤቷ ብላ እንዳጠራቀመችው አውቃለሁ። ደግሞ ሄልሜቱ፣ ኢንሹራንሱ፣ ጎማው አለ። ሄልሜት ላይ መቆጠብ በፍጹም አልፈልግም።

ከቤተሰብ ተበድራችሁ የገዛችሁ፣ እንዴት ተስማማችሁ? በወረቀት ተፈራረማችሁ? ወይስ አንድ ዓመት ታግሼ ላጠራቅም? ሻጩ የሚጠብቀኝ እስከ ቅዳሜ ነው።